የካቲት 23 እና አቶም፦ ‹ኒውክሌር› የሚለው ቃል በአገራችን ያለፈበት መንገድ



ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ አገራችን ወደ ኒውክሌር ኃይል እንደምትገባ ከተነገረ ወዲህ፣ እዚህ ኮልፌ ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ቆሞ የሚቀረው ወጣት ወሬው ተቀይሯል። ኳሱ ቀርቶ አቶም ሆኗል። ‹‹ቦምብ ልንሠራ ነው ወይ?›› የሚለው አለ። ‹‹ቼርኖቤልን እዚህ ሊያመጡብን ነው›› የሚለው አለ። ‹‹ኒውክሌር ካለህ ማንም አይነካህም›› ብሎ ደረቱን የሚነፋም አልጠፋም። እኛም መድረሳ ያደግን ሰዎች ብንሆንም ሁለት ሦስት ወር ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ፣ የሚያውቁ ሰዎችንም ስንጠይቅ ቆየን።

ለመጻፍ ያነሳሳን ግን የበሩ ወሬ አይደለም። አንዲት የሰፈራችን እናት ናት። ካንሰር ታማ የጨረር ሕክምና ስትወስድ ከርማ ተመለሰች። ጎረቤት ሊጠይቃት ይመጣል፣ ነገር ግን ከበር አያልፍም። ቡና ቢፈላ ከእሷ ስኒ የሚጠጣ ጠፋ። ልጆች እንዳያቅፏት ተከለከሉ፤ ‹‹ጨረሩ ይጋባል›› ተባለ። ይህን ሰምተን ዝም ያልን ሰዎች ውስጥ እኛም ነበርን፤ ትክክል ይሁን ስሕተት አናውቅም ነበርና። የአንድ ቃል ትርጉም አለማወቅ አንዲትን ሙእሚን በገዛ ቤቷ ባይተዋር አደረጋት። ስለዚህ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ከታሪካቸው ጋር እናንሳ።

ከአንድ አስገራሚ ቀን እንጀምር። የካቲት 23 ቀን 1888፣ እሑድ። ቀኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አድዋ ላይ የጣልያን ጦር የተሰበረበት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ይሆናል። በዚያው ዕለት ፓሪስ ውስጥ ሄንሪ ቤከሬል የተባለ ሳይንቲስት አንድ መሳቢያ ከፈተ። ከቀናት በፊት የዩራኒየም ጨው በጥቁር ወረቀት በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ሐሳቡ ጨውን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማሞቅ ነበር፤ ሰማዩ ደመና ሆነበትና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሰሌዳውን ሲያጥበው ባዶ ይሆናል ብሎ ጠበቀ፤ የጨው ጥላ ግን ጥርት ብሎ ታትሞ አገኘው። ፀሐይ አልነካውም፣ እሳት አልነካውም። ድንጋዩ በራሱ፣ በጨለማ ውስጥ፣ የማይታይ ነገር ይረጫል ማለት ነው። የኒውክሌር ሳይንስ የተወለደው በዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም። ከ2 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1898 ማሪ ኩሪ ለዚህ ጠባይ ‹ራዲዮአክቲቭ› የሚለውን ስም አወጣችለት።

አድዋና ጨረር በዚህ ብቻ አይገናኙም። ከቤከሬል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1895፣ ጀርመናዊው ሮንትገን ኤክስሬይን አግኝቶ ነበር። በ1896 ናፖሊ የሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ሐኪም ጁሴፔ አልቫሮ፣ ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረ ጥይት በዚያ አዲስ ጨረር ፈልጎ አገኘ። ኤክስሬይ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አባቶቻችን የተኮሱት ጥይት የሕክምና ታሪክ ውስጥ ገባ ማለት ነው! ዛሬ ‹ራጅ› የምንለውን ቃል ልብ በሉ። ጣልያኖች ጨረሮችን ‹ራጂ› ነው የሚሏቸው።

ይሁንና ራጅ ኒውክሌር አይደለም። ይህ ብዙ ሰው የሚስትበት ነው። ለማስረዳት ወደ አቶም ውስጥ መግባት አለብን።

ማንኛውም ነገር፣ ውሃውም፣ እንጨቱም፣ የእጃችን ቆዳም፣ የተሠራው ከአቶም ነው። የአቶም መሐል ላይ እጅግ ትንሽ፣ እጅግ ከባድ እምብርት አለ፤ እሱ ነው ኒውክለስ የሚባለው፤ ‹ኒውክሌር› የሚለው ቃልም ከእሱ የመጣ ነው። ራዘርፎርድ የተባለ ሳይንቲስት ነው እ.ኤ.አ. በ1911 መኖሩን ያሳየው። አቶሙን የኳስ ስታዲየም ያህል ብናተልቀው ኒውክለሱ መሐል ሜዳ ላይ የወደቀች የጎመን ዘር ታህላለች፤ የቀረው ባዶ ሆኖ ጥቃቅን ኤሌክትሮኖች የሚመላለሱበት ነው። የአቶሙ ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ ያለው ግን በዚያች የጎመን ዘር ውስጥ ነው። በውስጧ ሁለት ዓይነት ቅንጣቶች ተጠቅጥቀዋል፤ ፕሮቶንና ኒውትሮን።

የፕሮቶኑ ቁጥር የአቶሙን ስም ይወስናል። 27 ፕሮቶን ካለው ኮባልት ነው፤ 92 ካለው ዩራኒየም ነው፤ ከዚያ ዝንፍ የለም። የኒውትሮኑ ቁጥር ግን ይለያያል። የአንድ አባት ልጆች ሆነው አንዱ ቀጠን፣ ሌላው ወፈር እንደሚለው ማለት ነው። እነዚህ ወንድማማቾች አይሶቶፕ ይባላሉ። በተፈጥሮ የምናገኘው ኮባልት 59 የሚባለው ሰላማዊ ነው፤ አንድ ኒውትሮን ሲጨመርበት ኮባልት 60 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኒውክለሱ ይረበሻል፣ መረጋጋት ያቅተዋል፣ ትርፍ ጉልበቱን በጨረር መልክ ወርውሮ ወደ ኒኬል ይለወጣል። ራዲዮአክቲቭ ማለት ይኸው ነው፤ ያልተረጋጋ ኒውክለስ።

የሚወረወረው ጨረር በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። አልፋ ከባድ ነው፣ ግን ወረቀት ያቆመዋል፤ ጉዳቱ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሆድ ከገባ ነው። ቤታ ስስ አሉሚኒየም ያቆመዋል። ጋማ ግን እንደ ብርሃን ያለ ሆኖ ሰውነትን ሰንጥቆ የሚያልፍ ስለሆነ ወፍራም እርሳስ ወይም ኮንክሪት ይፈልጋል። ራጅ የጋማ የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ የትውልድ ቦታው ነው፦ ጋማ ከኒውክለስ ይወጣል፣ ራጅ ደግሞ ከኤሌክትሮን። የራጅ ማሽን ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል። ኮባልት 60 ማጥፊያ የለውም፤ ማድረግ የሚቻለው ወፍራም እርሳስ ውስጥ መዝጋት ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

ጨረር የሚባለው ነገር ከሆስፒታልና ከጦር መሣሪያ ጋር ብቻ የመጣ የሚመስለው ሰውም ብዙ ነው። ከምንረግጠው አፈርና ድንጋይ ይወጣል፤ ከሰማይም ይወርዳል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የምንኖር የአዲስ አበባ ሰዎች ከጅቡቲ ሰው የበለጠ የሰማዩ ይደርሰናል። ከምንበላው ድንችና ሙዝ የሚገባው ፖታሲየም ውስጥ እንኳ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ አቶም አለ፤ በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ በየሰከንዱ ከ4,000 የማያንሱ የፖታሲየም አቶሞች ጨረር ይረጫሉ። ሰውነት የሚቀበለው ጨረር በሲቨርት ይለካል። የዓለም ሰው በአማካይ ከተፈጥሮ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል፤ የደረት ራጅ አንድ ጊዜ መነሳት ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም። እንደ በርበሬ ነው፤ ጥያቄው ‹አለ ወይስ የለም› ሳይሆን መጠኑ ነው።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ቃል እንምጣ፦ ግማሽ ዕድሜ። የአንድ ራዲዮአክቲቭ ነገር ግማሹ እስኪለወጥ የሚወስደው ጊዜ ማለት ነው። ኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ነው። ዛሬ 100 ቢሆን ከ5 ዓመት ከምናምን በኋላ 50፣ ከዚያ በተመሳሳይ ጊዜ 25፣ ከዚያ 12 ተኩል ይሆናል። ለታይሮይድ ሕክምና የሚውለው አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው፤ የዩራኒየም 238 ደግሞ 4 ቢሊዮን ተኩል ገደማ ዓመት። ማሪ ኩሪ የጻፈችባቸው ደብተሮች እስከ ዛሬ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጡት እሷ ያገኘችው ራዲየም ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ስለሆነ ነው።

የዚህ ሰዓት ዝነኛ ሥራ የተሠራው በአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ ነው። ድንቅነሽ በኖቬምበር 1974 ስትገኝ ‹‹3.18 ሚሊዮን ዓመት›› የሚለው ቁጥር ከአጥንቷ አልተነበበም። አጥንቱ ባለበት አካባቢ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች አሉ። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ ከፖታሲየሙ ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ ነው፤ ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። አመዱ ገና ትኩስ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን የሚፈጠረው አርጎን በክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የታሰረውን አርጎን የሚለካ ሰው ሰዓቱ ስንት እንደቆጠረ ያውቃል። ስለ ሰው ልጅ አፈጣጠር ያለውን ክርክር እዚህ አናነሳውም፤ ቦታው አይደለም። እኛ ያነሳነው የአመዱ ዕድሜ እንዴት እንደሚለካ ነው።

ያው ግማሽ ዕድሜ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ሌላ መልክ አለው። የጨረር ሕክምና በአገራችን እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ በኮባልት 60 ማሽን። ከ20 ዓመት በላይ በመላው ኢትዮጵያ ያለው ማዕከል ያ ብቻ ነበር። ከወሎም፣ ከጅማም፣ ከሐረርም የመጣ ታማሚ እዚያው በር ላይ ነው የሚሰለፈው፤ ወራት የጠበቀ ስንቱ ነው! አሁን ስሌቱን ተመልከቱ፦ ኮባልቱ በ5 ዓመት ከምናምን ግማሽ ይደክማል። ማሽኑ አዲስ ሳለ አንድ ታማሚ 2 ደቂቃ ጨረር ሥር ቢተኛ፣ ምንጩ ካልተቀየረ ከ5 ዓመት በኋላ ያንኑ መጠን ለማግኘት 4 ደቂቃ ይተኛል። ሰልፉም በዚያው ልክ ይረዝማል። ይህን ስናነብ የፊዚክስ ቀመር ሰው ሲያስለቅስ አየን። አልሐምዱሊላህ፣ ባለፉት ዓመታት ጅማን ጨምሮ ሌሎች ማዕከላት ሥራ ጀምረዋል፤ አዲሶቹ ማሽኖችም ጨረሩን በኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ናቸው።

አሁን ወደ እናታችን ስኒ።

ኩራዝ አስቡ። በኩራዝ ብርሃን የተነበበ ኪታብ፣ ብርሃኑ ስለነካው ብቻ በጨለማ ማብራት አይጀምርም። ኩራዙ ተደፍቶ ጋዙ ኪታቡ ላይ ቢፈስ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኪታቡ ይሸታል፣ የነካው እጅም ይሸታል። የመጀመሪያው ‹ጨረር መመታት› ነው፤ ሁለተኛው ‹በራዲዮአክቲቭ ነገር መበከል› ነው። ከማሽን የሚመጣ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው ብርሃን የነካው ነው። ማሽኑ ሲዘጋ በአካሉ ውስጥ የቀረ ምንም ጨረር የለም። ይታቀፋል፣ ከስኒው ይጠጣል፣ ከልጅ ጋር ይተኛል። ሐኪሞች ‹‹ለተወሰነ ቀን ራቅ በሉ›› የሚሉበት ሌላ ሁኔታ አለ፤ ለታይሮይድ አዮዲን 131 የዋጠ፣ ወይም ምንጩ ለጊዜው በአካሉ ውስጥ የተቀመጠለት ሰው። ለእነሱ መመሪያውን ራሱ ሐኪሙ ይሰጣል፤ ያም ቢሆን በቀናት ወይም በሳምንታት የሚያልቅ ነው። እኛም ይህን ከአንድ ሐኪም ወንድማችን ካረጋገጥን በኋላ ሁለት ሦስት ሆነን ቤቷ ሄድን። ቡና ተፈላ። ከእሷ ስኒ ስንጠጣ አየችንና ምንም አላለችም፤ ሁለተኛውን ቀዳችልን።

ይህ የመመታትና የመበከል ልዩነት በገሐድ የሚታይበት ቦታ ደግሞ ከከተማችን ሌላኛው ጫፍ፣ ቃሊቲ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመረቀ የዝንብ ማርቢያ ነው። አትሳቁ! የቆላ ዝንብ ከብቶችን ገንዲ በሚባል በሽታ ይፈጃል። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ብዙ ለም መሬት በሬ የሚያርስበት ስላጣ ብቻ ሳይታረስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 መንግሥት ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ሆኖ አንድ ፕሮጀክት ጀመረ። ዘዴው ይህ ነው፦ ወንዱ ዝንብ በብዛት ይረባል፣ ጋማ ጨረር ይመታል፣ መካን ይሆናል፣ ከዚያ ይለቀቃል። የቆላ ዝንብ ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትገናኘው አንዴ ነው፤ የምትወልደውም አንድ አንድ እጭ ብቻ ነው። ከመካኑ ጋር ከተገናኘች ዘሯ እዚያ ላይ ይቆማል። የተለቀቀው ዝንብ ራሱ ራዲዮአክቲቭ አይደለም፤ በኩራዙ ብርሃን አልፎ የሄደ ነው።

ዘዴው እንደሚሠራ ዛንዚባር ምስክር ናት፤ የኡንጉጃ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ከቆላ ዝንብ የነጻችው በዚሁ ነው። በእኛ አገር ግን መንገዱ ረጅም ሆነ። ደሴት በባሕር የታጠረ ነው፤ የደቡብ ሸለቆ አጥር የለውም፣ የጸዳ ቦታ ላይ ከጎን ያለው ዝንብ ተመልሶ ይገባል። ሌላም ችግር ነበር፦ ከአገራችን ተወስዶ ቪየና አጠገብ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ሲረባ የነበረው ዝርያ፣ የምራቅ ዕጢን በሚያሳብጥ ቫይረስ አልቆ ጠፋ። ጨረሩ ከሁሉም ቀላሉ ሥራ ነበር፤ ከባዱ ዝንብን ደም እያበሉ ማኖር ሆኖ ተገኘ። ደሜ ሸለቆን ወደመሰሉ ቦታዎች ግን መካን ወንዶች ተለቀዋል።

የሚቀጥለውን ክፍል በተለይ ምናለሽ ተራ የምትሠሩ፣ ‹‹ቆራሌው!›› እያላችሁ በኮልፌና በአየር ጤና ሰፈሮች የምትዞሩ ወንድሞቻችን አንብቡልን።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1987 ብራዚል ውስጥ፣ ጎያኒያ በምትባል ከተማ፣ ተዘግቶ በተተወ የጨረር ሕክምና ቤት ውስጥ አንድ ማሽን ቀርቶ ነበር። ሁለት ብረት ለቃሚዎች ገቡና የእርሳሱን ክፍል ነቅለው ወሰዱ፤ እርሳስ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ሲፈቱት ጀመሩ፤ ማስታወክ ያዛቸው፤ ምግብ ነው ብለው ተዉት። ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ማታ መጋዘኑ ውስጥ ከብረቱ ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አየ። ተደነቀ፤ ዘመድ ጎረቤት ጠርቶ አሳየ፣ ከዱቄቱም ቆንጥሮ አካፈለ። ዱቄቱ ሲዚየም 137 ነበር፤ ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ በዱቄቱ ተጫወተች፤ በዚያው እጇ ምግብ በላች። የነጋዴው ሚስት ናት በመጨረሻ የነቃችው፤ ቤተሰቡ ሁሉ መታመሙን ከዚያ ዕቃ ጋር አያያዘችና የቀረውን በከረጢት ከትታ በአውቶቡስ ወደ ጤና ተቋም ወሰደችው። ያ ውሳኔዋ ብዙ ሰው አዳነ። እሷና ልጅቷ ግን ከሞቱት 4 ሰዎች ውስጥ ናቸው። ከ112,000 በላይ ሰው ስታዲየም ውስጥ ተመረመረ፤ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ።

ይህ ኩራዙ የተደፋበት ነው። ከማሽን ከተለቀቀ ጨረር ጋር አንድ አይደለም። ያን ሁሉ ጥፋት ያደረሰውም ቦምብ ወይም ማመንጫ ሳይሆን ለሕክምና የተሠራ ዕቃ ነበር። እንዲህ ያሉ ምንጮች በሆስፒታል፣ በፋብሪካ፣ በመንገድ ሥራ መለኪያዎች ውስጥ በየአገሩ አሉ። በእኛ አገር እነሱን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ባለሥልጣን መጀመሪያ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 79/1985 (እ.ኤ.አ. 1993) ነው፤ ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ምልክቱን አስተውሉ፦ በቢጫ መደብ ላይ መሐሉ ነጥብ ሆኖ ሦስት ክንፍ የዘረጋ ጥቁር ቅርጽ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ፊደል ለማያነብ ሰውም እንዲገባ ተብሎ በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከላይ ጨረር የሚወርድበት፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ምልክት ወጥቷል። ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ትንሽ የብረት ዕቃ ላይ እነዚህን ካያችሁ አትፍቱት፣ አትቁረጡት፣ ኪስ ውስጥ አትክተቱት። ራቁና ለፖሊስ ንገሩ። ኪሎው ስንት ያወጣ ነበር ብላችሁ አትቁጩ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ቦምቡ።

እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ሃንና ስትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመቱት ኒውክለሱ ለሁለት እንደሚሰነጠቅ አገኙ። ሲሰነጠቅ ከፍተኛ ሙቀት ይወጣል፤ ሁለት ሦስት አዳዲስ ኒውትሮኖችም ይፈናጠራሉ። እነዚያ ደግሞ ሌላ ኒውክለስ ይመታሉ፤ ያም ይሰነጠቃል። የሰንሰለት ምላሽ ይባላል። ሰንሰለቱን አንዱ ለአንድ ብቻ እንዲያስተላልፍ አድርገው ከያዙት ሪአክተር ነው፤ እንደፈለገ እንዲባዛ ከለቀቁት ቦምብ ነው። የመጀመሪያው በቺካጎ በዲሴምበር 1942 ተሠራ፤ ሁለተኛው በኦገስት 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ወረደ።

ግን ማንኛውም ዩራኒየም አይሰነጠቅም። ከመሬት ከሚወጣው 1,000 የዩራኒየም አቶም ውስጥ በቀላሉ የሚሰነጠቀው 235 የሚባለው ወንድም 7 ብቻ ነው። እሱን እየለዩ ማብዛት ‹ማበልጸግ› ይባላል፤ ዜና ላይ ስለ ኢራን ሲነገር የምትሰሙት ቃል። ክሬምን ከወተት በማሽከርከር የሚለየውን ማሽን ያየ ሰው ሐሳቡ ይገባዋል። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይበቃል፤ ለቦምብ 90 በመቶ ገደማ ይፈለጋል። ስለዚህ የማመንጫ ሪአክተር እንደ አቶም ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም። ይህ ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ቼርኖቤል በ1986፣ ፉኩሺማ በ2011 ያየነው ሪአክተሩ ከቁጥጥር ወጥቶ ወይም ማቀዝቀዣ አጥቶ፣ በእንፋሎትና በጋዝ ፍንዳታ ተሰብሮ፣ ውስጡ ያለው ሲበተን ነው። ኩራዙ ሲደፋ።

‹‹ቦምብ ልንሠራ ነው ወይ?›› ላለው ወንድማችን አገሩ በዚህ ጉዳይ የሠራችውን አንድ ታላቅ ነገር እንንገረው፤ ትምህርት ቤት ሲነገር አልሰማንምና። ኢትዮጵያ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 ከገቡት አገሮች አንዷ ናት። በፌብሩዋሪ 1960 ፈረንሳይ የመጀመሪያ የአቶም ቦምቧን በአልጄሪያ ሰሐራ፣ በሙስሊሞች ምድር ላይ ፈነዳች። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኢትዮጵያ ግንባር ቀደም ሆና ያቀረበችውን ውሳኔ ቁጥር 1653 ለድምፅ አቀረበ። ፍሬ ነገሩ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የመንግሥታቱን ቻርተር የሚጥስ፣ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ነው። 55 አገር ደገፈ፤ 20 ተቃወመ፤ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ ውስጥ ነበሩ።

ለምን ኢትዮጵያ? መልሱ ከሩቅ አይፈለግም ባዮች ነን። በ1928 የመርዝ ጋዝ ክልከላውን የጄኔቫ ስምምነት ያጸደቀችው ጣልያን፣ በ1935 እና 36 በአገራችን ገበሬና ከብት ላይ ያንኑ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበች። ንጉሡ ጄኔቫ ድረስ ሄደው ቢናገሩ የሰማ አልነበረም። ማንም የማይቆጣጠረው መሣሪያ በመጨረሻ የሚወርደው በማን ላይ እንደሆነ ይህ አገር ከመጽሐፍ አልተማረም። ከዚያ በኋላ በ1970 የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት አጸደቀች፤ አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነትም በ1996 ለፊርማ ቀርቦ ከ2009 ጀምሮ ጸንቷል። ስለዚህ ደረቱን የሚነፋው ወንድማችን የሚኮራበት ነገር አለው፤ የጠበቀው ዓይነት ባይሆንም።

የማመንጫው ነገር ገና መጀመሪያው ላይ ነው። መስከረም 15 ቀን 2018 ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈርሟል። በአፍሪካ እስካሁን እየሠራ ያለው ማመንጫ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለው ኩበርግ ብቻ ነው፤ ከ1984 ጀምሮ። ግብፅ ዳብዓ ላይ በ2022 ግንባታ ጀምራለች። ብዙ እህት ወንድሞቻችን የሚሠሩባት ኢማራት ደግሞ በራካ ላይ 4 ሪአክተር አቁማለች፤ የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ መስጠት የጀመረው በ2020 ነው። አሠራሩ ጀበና ነው፦ ኒውክለስ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ ተርባይኑ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ዝናብ ቢቀርም አይቆምም፤ በወንዝ ብቻ ለሚተማመን አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፣ ግንባታው ዓመታት ይወስዳል፣ ባለሙያውም በአንድ ቀን አይገኝም። በሌሎች አገሮች ከመጀመሪያው ውሳኔ እስከ መብራቱ ከ10 ዓመት በላይ የፈጀበት ብዙ ነው።

ከመስጂዱ በር ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ‹‹እሺ፣ አመዱን የት ያደርጉታል?›› አለን። ከሁላችንም የተሻለው ጥያቄ እሱ ነበር። የተቃጠለው ነዳጅ መጀመሪያ ለዓመታት ውሃ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በወፍራም ብረትና ኮንክሪት ታሽጎ ይቀመጣል፤ ለሺህ ዓመታትም ጥበቃ ይፈልጋል። ፊንላንድ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ዐለት ውስጥ መቅበሪያ ቆፍራለታለች። የልጁን ጥያቄ በስፋት፣ በሌላ ጽሑፍ፣ ኢንሻአላህ እንመለስበታለን።